አጭር ገመድ፣ ግማሽ ስንኝ

ጥቅምት 4፣ ከሥራ መልስ
ዛሬም የታችኞቹ ፎቆች። ቦሌ መ/ዓለም አጠገብ ያለው የዚህ ሕንፃ መስታወት አያልቅም። ከጣሪያ በወረደ ገመድ ተንጠልጥዬ አጥባለሁ። መስታወቱን በእግሬ ስገፋ ወደ ውጭ እወዛወዛለሁ፤ ስመለስ እግሬ ካልቀደመ አደጋ ነው። የመመለሻውን ጊዜ በመዝሙር መለካት ያስተማረኝ ማርቆስ ነው፤ አንድ ስንኝ ሲያልቅ እግር ይቀድማል። ከወላይታ ወደዚህ ከተማ ያመጣኝም እሱ።

ጥቅምት 6
ሁለታችንም ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ላይኞቹ ፎቆች ተላክን። ማርቆስ ስንኙን ሳይጨርስ መስታወቱ ደረሰበት። ጉልበቱ ቆሰለ፤ መስታወቱ ተሰነጠቀ። አለቃችን ጋሽ ግርማ ጥፋቱን ወዲያው አገኙት፦ ከወገቡ ያንጠለጠለው የውኃ ባልዲ ሙሉ መሆን ሲገባው ግማሽ ነበር፤ የቀለለ ሰው ቶሎ ይመለሳል። ማርቆስ ታገደ። ባልዲው ግማሽ እንደ ነበረ በሕንፃው ሥራ አስኪያጅ ፊት እኔ እንድመሰክርበት ታዘዝሁ። ከመሰከርሁ ይባረራል።

ጥቅምት 7፣ ሳሊተ ምሕረት
እኔና ማርቆስ የተከራየንበት ግቢ። ከበረንዳው ብረት ላይ በእኩል ሲባጎ ሁለት የውኃ ጠርሙስ አንጠለጠልሁ፤ አንዱ ሙሉ፣ አንዱ ግማሽ። አብሬ ለቀቅኋቸው። አብረው ተመለሱ። ደገምሁ። አሁንም አብረው። የሙሉውን ሲባጎ አሳጠርሁ፤ ቀደመ! ክብደት አይደለም፤ ርዝመት ነው። ማርቆስ ፍራሹ ላይ ሆኖ ሳቀብኝ፦ «ከአራተኛ ክፍል ያቋረጥኸው ለዚህ ነው፣ ፕሮፌሰር?» ከዚያ ቀና ብሎ ያጠረውን ሲባጎ በጣቱ ለካ። ገብቶታል። ከታች ገመዱ ረጅም፣ ስንኙ ሙሉ፤ ከላይ ገመዱ አጭር፣ ስንኙ ግማሽ። ከታች አለማምደው ወደ ላይ ሲሰዱን ይህን የነገረን የለም።

ጥቅምት 9
በምሳ ሰዓት የጠርሙሶቹን ነገር ለጋሽ ግርማ አሳየኋቸው። በገዛ እጃቸው ደግመው ለቀቁ። እንደ ገባቸው ከፊታቸው አነበብሁ። ከዚያ የጠርሙሱን ክዳን ከፍተው እጃቸውን ታጠቡበት።
«ስማ ልጄ፣ ባልዲው ግማሽ ነበር ወይስ አልነበረም?»
ግማሽ ነበር፣ አልኋቸው።
«በቃ፣ እሷን ብቻ ትናገራለህ።»
በማርቆስ ቦታ አዲስ ሠራተኛ ገብቷል። ስንኙን እንዳስተምረው የታዘዝሁት እኔ ነኝ።

ጥቅምት 10፣ ጠዋት
አዲሱ ሠራተኛ ከታች መስታወቱን በእግሩ እየገፋ ሲያዜም ይሰማኛል። ሙሉ ስንኝ። ከምሳ በኋላ ወደ ላይ ይወጣል። ሥራ አስኪያጁ እየጠበቁኝ ነው፤ ጋሽ ግርማም አብረዋቸው ተቀምጠዋል። ወስኛለሁ። ባልዲው ግማሽ እንደ ነበረ እናገራለሁ። ቀጥዬም ሁለቱን ጠርሙሶች በፊታቸው አንጠለጥልና፣ ቢያባርሩኝም፣ አዲሱ ሠራተኛ ወደ ላይ ሳይወጣ ጥፋቱ የባልዲው ሳይሆን የገመዱ ማጠር እንደ ሆነ አሳያቸዋለሁ።