ከላይ የሰካሁት መስኮት

ጥር 6
ዛሬም ያው። ሰማንያ ገጽ ተየብኩ። በግራ የድሮው መዝገብ ፎቶ፣ በቀኝ የምሞላው ቅጽ። የሞቱ ሰዎች የቤት ይዞታ። ያን ጊዜ የጻፈው ሰው ማን እንደሆነ እንጃ፣ ጽሑፉ ዶሮ የጫረችው ይመስላል።

አባባን ጠዋት ሲነሣ ራሱን አዞረው። ግድግዳ ይዞ ቆመ። "ምንም አይደል፣ ሂድ፣ ይረፍድብሃል..." ሄድኩ። ምን ላድርግ?

እህቴ ደወለች። ዳኛዋ። ፍርድ ቤት ደጃፍ ረግጣ አታውቅም፣ መፍረድ ግን ማን ብሏት።
"ቀኑን ሙሉ ብቻውን ትተኸው ነው የምትውለው?"
"አንቺ ጋ ይምጣ ታዲያ።"
"እኔ ጋ ደረጃ አለ።"
ደረጃ! ሦስት እርከን ናት። ቆጥሬያታለሁ።
"አንድ ቀን ቢወድቅ የአረጋውያን ማቆያ ነው የሚገባው። ነግሬሃለሁ።"
አባባ የዚያን ቤት ስም ሲሰማ እንኳ እህል አይወርድለትም። "ከቤቴ ሬሳዬ ይውጣ" ነው የሚለው ሁሌም።

ጥር 9
ዳኛዋ ካሜራ ላከች። በአንድ ካሜራ ተገላገለች! ሳሎን ጥግ ላይ ሰቀልኩት፣ ከስፌት መኪናው ፊት ለፊት። ዓይኑ ከደከመ ወዲህ መስፋት ትቷል፣ ወንበሩን ግን አልተወም። እጁን መኪናው ላይ ጭኖ ዝም ብሎ ይቀመጣል፣ ሰዓታት።
"በዚህ ታየኛለህ?"
"አይሃለሁ።"
"ሁሉን ነገር?"
"ሁሉን። ሐሳብ አይግባህ።"
ደስ አለው መሰለኝ። ፀጉሩን አበጠረ።

ጥር 10
አልሆነም። የካሜራውን ምስል ቢሮ ኮምፒውተሬ ላይ በትንሽ መስኮት ከፍቼዋለሁ፣ ቅጹን በነካሁ ቁጥር ግን የአባባ መስኮት ከሥር ይገባል። ፈልጌ አወጣዋለሁ፣ አንድ መስመር እተይባለሁ፣ ደግሞ ጠፋ። ቀኑን ሙሉ ድብብቆሽ። አርባ ገጽ እንኳ አልሞላሁም።

ጥር 11
ጥገናውን ለመንኩት። የቢሯችን የኮምፒውተር ባለሙያ ነው፣ ሁላችንም ጥገናው ነው የምንለው። "የፈለግከውን መስኮት ከሁሉም በላይ የምትሰካ ትንሽ ፕሮግራም አለች" አለና ጫነልኝ። መስኮቱን መንካት፣ ኮንትሮልን ይዞ ስፔስን መጫን፣ በቃ። ጫፉ ላይ ቀይ ምልክት ትበራለች። ሌላው ሁሉ ከሥሩ ይውላል። ኮምፒውተሩ ሲከፈት አብራ እንድትነሣም አደረጋት።

መጀመሪያ ተሳስቼ ቅጹን ሰካሁት። ስክሪኑን ውጦት ቁጭ አለ። አባባም የለ፣ መዝገቡም የለ። ጥገናው በሳቅ ሞተ። "የተሰካ ነገር ከላይ ነው የሚቀረው፣ የሚመጣው ሁሉ ከሥር ይገባል፣ ተጠንቀቅ" አለኝ። እሺ አልኩት። የሰማሁት ግን ግማሹን ነው።

ጥር 14
ይሠራል! አባባ በርጩማው ላይ ሊወጣ እግሩን ሲያነሣ አየሁት። ደወልኩ።
"አባባ፣ ውረድ!"
ዙሪያውን ቃኘ። "አየኸኝ እንዴ?" ሳቀ። ከዚያ ሆን ብሎ እግሩን አነሣ፣ ደወልኩ። ደግሞ አነሣ፣ ደወልኩ። የሰባ ስምንት ዓመት ሰው! ብቻዬን ስስቅ አጠገቤ ያለችው ተያቢ ዞር ብላ አየችኝ።

እንዲህ ከሆነ እንኳን ዳኛዋ ሌላም ብትመጣ አባባን ከቤቱ የሚያወጣው የለም።

ጥር 19
አለቃዬ ከኋላዬ መጥቶ ቆመ።
"ይሄ ምንድን ነው?"
"አባቴ ናቸው።"
"የመዝገቡን ቁጥር ሸፍነውብሃል። አሳንሰህ ጥግ አድርጋቸው።"
አባባን አሳነስኩት። መዳፍ አከለ፣ ታች ቀኝ ጥግ ገባ። አለቃዬ የራሱን ልጆች ግድግዳ በሚያህል ፎቶ ሰቅሏል። ምን ይደረግ... የሚናገረው ወንበሩ ነው።

ጥር 22
ተጣላን። ዛሬ ስድስት ጊዜ ደውዬለታለሁ። ማታ ስገባ ፊቱ ጠቁሮ ጠበቀኝ።
"መስኮት ስከፍት ትደውላለህ። ጎንበስ ስል ትደውላለህ። ቤቴን እስር ቤት አደረግከው።"
"ማቆያው ይሻልሃላ!" አልኩት።
አመለጠኝ። እንዴት ያለ አፍ ነው የሰጠኝ! ሳያናግረኝ ገብቶ ተኛ። ይቅርታ ልለው በሩ ድረስ ሄጄ ነበር... ተመለስኩ።

ጥር 23
ቢሮ፣ ስምንት ሰዓት። አኩርፏል። ከጠዋት ጀምሮ መኪናው ፊት እንደተቀመጠ ነው። ንቅንቅ አላለም። ለምሳም አልተነሣም። ሊያስለምነኝ ነዋ! ይበለው። ዛሬ አልደውልም። ደህና እንደሆነ እያየሁት ነው፣ ሲርበው ይነሣል።

ጥር 25
ሆስፒታል። ትናንት አልጻፍኩም።

ከትናንት ወዲያ አሥራ አንድ ተኩል ላይ ቤት ስገባ ወለሉ ላይ ነበር። ዳሌው ተሰብሯል። በርጩማው ጎኑ ተገልብጧል። ልብሱ ረጥቧል፣ ከንፈሩ ደርቋል። "መጣህ?" ብቻ አለኝ።

ከቢሮ ስወጣ እኮ ተቀምጦ ነበር! በዓይኔ አይቼዋለሁ! ስክሪኑን ሳጠፋ ወንበሩ ላይ ነበር!

ጥር 27
ጥገናው የማሳሰቢያዎቹን ዝርዝር ከፈተልኝ። "የካሜራው ግንኙነት ተቋርጧል።" ጥር 23፣ ጠዋት አራት ሰዓት ከአሥራ ሁለት ደቂቃ። ከዚያ ደግሞ። ደግሞ። ዘጠኝ ጊዜ።
"ማሳሰቢያ የሚወጣው ታች ቀኝ ጥግ ነው" አለኝ ቀስ ብሎ። "አንተ እላዩ ላይ አባትህን ሰክተሃቸዋል። ግንኙነቱ ሲቋረጥ ምስላቸው ባለበት ቆሞ ቀርቷል።"
ኮምፒውተሩ ዘጠኝ ጊዜ ነገረኝ። ዘጠኝ ጊዜ ከአባባ ሥር ገባ። እኔ ቀኑን ሙሉ ያኮረፍኩት ፎቶ ነው። እሱ ወለል ላይ፣ እኔ ከፎቶ ጋር እልህ ስጋባ!

አለቃዬ ሰምቶ መጣ። "ትልቅ ስክሪን እናዝልሃለን" አለ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ፕሮግራሟን አጠፋኋት።

አንድ ነገር ግን በፕሮግራሟ ማላከክ አልችልም። ስልክ ነበረኝ። እጄ ላይ ነበር። አልደወልኩም።

የካቲት 2
"በርጩማው ላይ ለምን ወጣህ አባባ?"
"የሱሪህ ጠርዝ ተተርትሯል። ክር ላወርድ ነበር፣ ከቁም ሳጥኑ ላይ።"
"በዚያ ዓይንህ?"
"ሱሪ በእጅም ይታወቃል።" ቀጠለ፣ "እግሬን አነሣሁ፣ ጠበቅኩህ። ስልኩ አልጮኸም። ፈቀደልኝ፣ ታርቆኛል ብዬ ነው የወጣሁት።"
ውሃ ላመጣ ብዬ ወጣሁ። ኮሪደሩ ላይ አለቀስኩ፣ ሰው ያየኝም እንደሆነ ይየኝ።

የካቲት 4
ልብስ ልወስድለት ቤት ስሄድ የላይኛዋ ጎረቤት በር ላይ አገኘችኝ።
"እኔ እኮ ድምፅ ሰምቼ አንኳኩቻለሁ። 'አይዞሽ፣ ልጄ እያየኝ ነው፣ እየመጣ ነው' አሉኝ። ድምፃቸው ደህና ነበር፣ እሱ ካየማ ብዬ ወደ ቤቴ ተመለስኩ..."
"ስንት ሰዓት ነበር?"
"ስምንት ግድም።"
ስምንት ሰዓት። እዚህ ደብተር ላይ ይበለው ብዬ ስጽፍ።

ሴትዮዋን ምን ልበላት? አይዞሽ አልኳት።

የካቲት 11
ዳኛዋ ፈረደች። የማቆያውን ጉዳይ ጨርሳ፣ ወረቀቱን ይዛ መጣች።
"ቁጭ ብለህ እያየኸው ወደቀ!" አለች ሆስፒታሉ በር ላይ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ።
አላየሁትም ልላት ነበር። የትኛው ይብሳል? እያዩ ዝም ማለት ወይስ አያለሁ ብሎ አለማየት? ፈረምኩ። አባባ ግድግዳው ላይ አፍጥጦ ቀረ።

የካቲት 24
ማቆያው። ስድስት አልጋ በአንድ ክፍል። የአባባ በሩ ጋ ነው፣ ሰው ባለፈ ቁጥር ብርድ ይገባል። ጺሙን ሌላ ሰው ላጭቶታል፣ አገጩ ሥር ትንሽ ቆርጦታል። ሾርባውን አልነካውም። ብርድ ልብሱን አስተካከልኩለት፣ ተቀመጥኩ፣ ተነሣሁ፣ ደግሞ ተቀመጥኩ። ከዚያ ነገርኩት።

"አባባ፣ ያን ቀን አላየሁህም። ምስሉ ቆሞ ነበር። አኩርፈህ መስሎኝ፣ እኔም አኩርፌ፣ ሳልደውል ቀረሁ።"

አጠገቡ የተኙት ሽማግሌ አሳላቸውና አስተኛኘታቸውን ቀየሩ።

"ብታየኝማ ትመጣ ነበር" አለ።

"እመጣ ነበር።"

"አሁንስ? እዚህ ሆኜ ታየኛለህ?"

አዎ ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ምን ይጎዳል? ሐሳብ አይግባህ ብሎ መውጣት...

"አላይህም፣ አባባ። እሑድ እሑድ ብቻ ነው የምመጣው።"

ራሱን ነቀነቀ። አልተቆጣም። ብርድ ልብሱን ገፈፈና ሁለት እጁን የአልጋው ብረት ላይ አድርጎ ጥብቅ አድርጎ ያዘ።

"እንግዲያው ራሴን እጠብቃለሁ" አለኝ።