አንድ ቦይ፣ ሁለት ተረኛ

ጥር 12
ዛሬ ምንም አዲስ ነገር የለም። ፕሮግራሜ ያለ እኔ ይሠራል። ገበሬው በስልኩ «ውሃ» ብሎ ይልካል፤ ቦዩ ነፃ ከሆነ «ተራው የእርስዎ ነው» የሚል መልስ ይደርሰዋል። ሲያበቃ «ጨርሻለሁ» ይላል። በቃ። ድሮ ተራ የሚያድለው የውሃ አባት ዱላ ነበረው፤ ዱላውን የያዘ ብቻ ቦይ ይከፍታል። ያስቀረሁት እኔ ነኝ። «ስልክ እያለ ዱላ ምን ያደርጋል?» ብዬ… አባዬ በኩራት ሲስቅ ትዝ ይለኛል።

ጥር 19
አባዬ የጋሽ ምንይሉን ክንድ ሰበረ። በአካፋ እጀታ። ጋሽ ምንይሉን! የክርስትና እናቴን ባል፣ የማሳ ጎረቤታችንን…
ቦዩ አፍ ላይ ተገናኙ። «ተራው የኔ ነው።» «የኔ ነው እንጂ!» ስልካቸውን አወጡ። ሁለቱም ላይ ያው መልእክት። እንዴት?
«ልጅህ ላንተ አድልታ ነው» አሉ ጋሽ ምንይሉ። ያኔ መታቸው። ለእኔ ስም ብሎ።

ጥር 20
አገኘሁት። ምነው ባላገኘሁት። ሁለቱ መልእክት እኩል ነው የገባው። ፕሮግራሙ ለአባዬ ቦዩን አየ፤ ነፃ ነው። «ተይዟል» ብሎ ሳይጽፍ ለጋሽ ምንይሉም አየ፤ አሁንም ነፃ። ለሁለቱም ሰጠ። በማየትና በመያዝ መሃል ያለችውን ቅንጣት ጊዜ ክፍት ትቻታለሁ። ስሞክረው ሁሌ በአንድ ስልክ ነበር… ዱላ ቢሆን አንዱ ሲይዘው የሌላው እጅ ባዶ ነው።
ለአባዬ ምን ብዬ ልንገረው?

ጥር 22
ነገርኩት። «ታዲያ ምንይሉ አልዋሸም?» አለ። «አልዋሹም።» «እኔስ?» «አንተም።» ጋቢውን ተከናንቦ ወጣ። ምሳውን አልቀመሰም።

ጥር 26
ሽማግሌዎች ፊት ቆምኩ። «ጥፋቱ የመጣው ከኔ ሥራ ነው። ሁለቱም እውነታቸውን ነው» አልኩ። አንዱ ሽማግሌ «ስልክ ክንድ አይሰብርም፣ ልጄ» አሉኝ። ልክ ናቸው። እርቅ ወረደ፤ አባዬ ጉልበት ስሞ ይቅርታ ጠየቀ። ሲወጡ ግን አብረው አልሄዱም።
አፈርኩ። በጣም አፈርኩ።

የካቲት 3
ፕሮግራሙ ላይ ቁልፍ አደረግሁበት። አንዱ ጥያቄ አይቶ፣ ይዞ፣ ጽፎ እስኪጨርስ ሌላው ውጭ ይቆማል። ከጋሽ ምንይሉ ልጅ ከእስከዳር ጋር በሁለት ስልክ እኩል ተጫንን። ለእሷ «ተራው የእርስዎ ነው»፣ ለእኔ «ይጠብቁ»። ደጋግመን ሞከርነው፤ አልሳተም።
«ይሄስ ተስተካከለ» አለች እስከዳር። «የአባባ ሽንኩርት ግን እየጠወለገ ነው። በአንድ እጅ አካፋ አይያዝ… እኔና እማዬም አልቻልነውም።»


የካቲት 4
ለአባዬ እስከዳር ያለችኝን ነገርኩት።

የካቲት 6
ጠዋት ተራው ለአባዬ ደረሰ። ወዲያው «ጨርሻለሁ» ብሎ ላከ። ክው አልኩ። ደግሞ ምን ተበላሸ? ማሳው ሳይርስ እንዴት ይጨርሳል? ተራው ከኋላ ሲጠብቁ ለነበሩት ለጋሽ ምንይሉ አለፈ።
እየሮጥኩ ወረድኩ። ጋሽ ምንይሉ ክንዳቸውን በነጠላ አንጠልጥለው ቦዩ ዳር ተቀምጠዋል። አባዬ ሱሪውን ሰብስቦ በእሳቸው ማሳ ውስጥ ውሃ ይመራል።
«ወደ ላይኛው መደብ ነው ያልኩህ!» ይቆጣሉ ጋሽ ምንይሉ።
«እሺ» ይላል አባዬ። እሱ ነው እሺ የሚለው!
አየኝ። «ምን ያስሮጥሻል? ስልክሽ ደህና ነው» አለኝ።
የኛ ሽንኩርት ዛሬ ውሃ አላገኘም።