የጎረቤቴ ልጅ ኬሚስትሪ

ውድ እህቴ ሞሪን፣

ኒውዚላንድ እንዴት ይዞሻል? ጤናሽስ? እኛ በሥራችን ዓሣችንን እየበለትን ደህና ነን። ዛሬ በግሪምዝቢ ከተማ እንደ እኔ ፈጥኖ የሚያነብ ሰው አይገኝም። እሺ፣ በማታ ትምህርት ክፍላችን ማለቴ ነው፤ እሱም አብሮኝ የሚማረው ሲሪል መነጽሩን የረሳ ቀን።

ልጄን ኪሊን ሊድስ ያለ ዩኒቨርሲቲ ፋርማሲ እንድትማር ተቀብሏታል፤ ኬሚስትሪ ላይ «ቢ» ካመጣች ነው። ውጤቱ ሐሙስ ጠዋት ይወጣል። ደህና ናት፣ ትንሽ ዝም አለች እንጂ።

የሚገርመኝስ የጎረቤቴ ልጅ ነው። የኬሚስትሪ ፈተናውን የመጨረሻ ገጽ ሳይገልጥ ወረቀቱን አስረከበ። እንዲህ ያለው ልጅ መጨረሻው ምን ይሆን ብዬ አስተማሪያችንን ወይዘሮ ፕሩትን ጠየቅኋቸው።

«ውጤቱን እንዳየ ራሱ ዩኒቨርሲቲው ጋ ይደውል» አሉኝ። «ጥቂት ቢጎድልም አንዳንዴ ይቀበላሉ። እምቢ ካሉት ክፍት ቦታ ያላቸው ሌሎች አሉ፤ እነሱ ጋ ይደውል።»

«አባቱ ቢደውልለትስ? አፉ ማር ነው።»

«አባቱ ሻይ ያፍላ፣ አፉንም ይያዝ!» ብለው ሳቁ። «ለጎረቤት ብለህ ዛሬ ብቻ አሥራ አንድ ጥያቄ? ደግ ሰው ነህ፣ ዴዝመንድ።»

እኔም የአምስት ዩኒቨርሲቲ ስልክ በገዛ እጄ ጽፌ ከሻይ ቆርቆሮው ሥር አኑሬያለሁ። አንድም ቁጥር አልተሳሳትኩም፤ አራት ጊዜ አይቼዋለሁ።

ልጆቹን ሳሚልኝ። ሐሙስ ጠዋት እኛን አስቢን።

ወንድምሽ ዴዝመንድ

ይኸውልሽ፣ ከጻፍኩት ሁሉ አንዲቷን ፈጥሬያታለሁ፤ ጎረቤቴ ልጅ የለውም። ያለው ውሻ ነው።