«ጥይት» ሲባል «ሎሲኬ» ያለችው እህታችን

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ ለኤሬጋይ፣ ናኩሩ

ወንድም ዓለም፣ እንዴት ነህ? ሥራው፣ ጤናው፣ እንቅልፉስ? የናኩሩ ብርድ ያንን ሳልህን አላመጣብህም? እኛ በሕይወት አለን፤ ደህና ነን ብዬ ግን አልዋሽህም።

ዘራፊዎቹ አራት ሰው ገድለው ግመሎቹን እንደነዱ ሰምተሃል። ያልሰማኸው ከዚያ ወዲህ የሆነውን ነው። ሽማግሌዎቹ ፍየል አርደው አንጀቷን ሲያነቡ ጥቁር ነጥብ አዩና፣ መንገድ የመራቸው ከመካከላችን ነው አሉ። ከዚያ ወዲያ ሰው ሁሉ ጎረቤቱን በጎሪጥ ያይ ጀመር።

ክፍል ውስጥ ከተማሪዎቼ ጋር የቃል ጨዋታ እንጫወታለን፤ አንዱ ቃል ይጥላል፣ ሌላው መጀመሪያ የመጣለትን ይመልሳል። «ግመል» ሲባል ትልልቆቹ «ላም፣ ፍየል» ብለው ዓይነቱን ከዓይነቱ ያገናኛሉ። ትንንሾቹ ግን «ጥማት» ይላሉ፣ «አባዬ» ይላሉ፤ አብሮ ያገኛቸውን አብረው ያስሩታል። ያን ቀን አንዱ «ጥይት» አለ። ትንሿ እህታችን አፑዋ ወዲያው «ሎሲኬ» አለች።

አጎታችንን! ልጆቹ ወሬውን ለምሳ ይዘውት ገቡ። ወንዶቹ መንገድ የመራው እሱ ነው ብለው ሎሲኬን ከሸንጎው ዛፍ ሥር አስረው በበትር ቀጠቀጡት። የመጀመሪያውን ያሳረፈበት ማን መሰለህ? አባዬ። የገዛ ወንድሙን! ሮጬ ደርሼ፣ የሰባት ዓመት ልጅ ቃል ምስክርነት አይደለም፣ ከጥይቱ ጋር ምን እንዳየች እንኳ አልጠየቃችኋትም ብዬ ጮኽኩ። አባዬ «ጠመኔሽን ይዘሽ ዞር በይ!» ብሎ ገፈተረኝ። የሎሲኬ ግራ ዓይን ሲፈስ አየሁ፤ ክንዱ ሲሰበር ሰማሁ። እግዜር አያሳይህ።

አፑዋ በእግሮቻቸው መሃል ሾልካ ደም የለበሰው ገላው ላይ ተዘረጋች። የአባዬ በትር ጀርባዋን ተረተረው። አላለቀሰችም። ቀና ብላ አየችውና፣

«ሲተኩሱ እንዲህ ነው የተኛብኝ። ከብዶኝ ነበር» አለችው።

አባዬ በትሩን ጣለው።

ሎሲኬ ይተርፋል። ለካሳ ያመጡለትን ፍየሎች መልሷል፤ አባዬ ደጁ ቢቀመጥም በቀረችው ዓይኑ እንኳ ሊያየው አልፈቀደም። ቂሙ እኛንም ሳይበላን ና። ሎሲኬ አንተን ይሰማሃል። ጠመንጃ ግን እንዳትይዝ፣ በእናታችን ይዤሃለሁ።

ለባለቤትህ ለናቺላ፣ ለልጆቹም ሰላምታዬን አቅርብልኝ። እማዬ ጉንጭህን ትስማለች። አፑዋ በሆዷ እንደተኛች፣ ከረሜላ ይዞልኝ ይምጣ ብላለች። ሎሲኬ ሰላም ብሎሃል። አባዬንም ምን ልበልልህ ስለው ተነሥቶ ወደ ሎሲኬ ደጅ ሄደ።

እህትህ ናዎይ
ሎኮሪ፣ መጋቢት ፬ ቀን