ማሾ ያበቀለው ማቀዝቀዣ

ግንቦት 3፣ ሰኞ፣ ጠ. 2 ሰ.

ሁለት ጀሪካን ውሃ አጠጣሁት። አንዱን ጠጣ። ሌላውን ምንጣፌ ላይ ሸናው። ሆዱ ተበስቷል።

ደብተሬ ሆይ፣ ሳጥኑን ማለቴ ነው፤ ማቀዝቀዣውን። የቆርቆሮ ሳጥን፣ መሀሉ ማራገቢያ፣ ሥሩ የውሃ ገንዳ፣ ሦስት ጎኑ ሣር የታጨቀበት። ፓምፑ ውሃውን ሣሩ ላይ ያፈሳል፤ ማራገቢያው በእርጥቡ ሣር በኩል ነፋስ ይስባል፤ ቤት ይቀዘቅዛል። ባለቤቴ ፋጡማ፣ አላህ ይዘንላት፣ ከአፋር ነጋዴዎች ገዛችው። እኔን ሳትጠይቅ። ሦስት ቀን አኮረፍኩ። በአራተኛው ቀን ፊቱ ተኛሁ። ከዚያ ወዲያ ጣውንትሽ እያልኩ አበሽቃት ነበር።

አሁን ጣውንቷ ዝጋለች።

ልጄ ዘይነባ ከደብረ ሲና ደወለች። (ከዚህ በኋላ ዘ. ብዬ እጽፋታለሁ። ስሟ ቦታ ይፈጃል።) አዲስ ልግዛልህ አለች። አልፈልግም አልኩ። አምና ለአረፋ ስትመጣ የልጆቿ ገላ በሙቀት ሽፍ ብሎ ነው የተመለሱት። ስለዚህ ቁርጡን ነገረችኝ፦ ቤቱ ከቀዘቀዘ አረፋ እዚህ ሸዋ ሮቢት፤ ካልቀዘቀዘ ደብረ ሲና። እኔም ከአረፋ በኋላ እዚያው እቀራለሁ። ቤቴ ይከራያል።

ደብረ ሲና! ጉሙ ሳያንኳኳ ገብቶ የሚቀመጥበት አገር! ሰው በግንቦት ካፖርት ለብሶ ሶላት ይሄዳል።

አረፋ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። አሠራዋለሁ። አይ፣ እኔው ራሴ እሠራዋለሁ።


ግንቦት 5፣ ረቡዕ፣ ማታ

ራሴ ልሠራው ስል መሥሪያ አጣሁ። መዶሻ አነሳሁ፣ አንድ ጊዜ መታሁ፣ የሳጥኑ እግር ወለቀ።

ወደ ብየዳ ቤት። ባጃጁ ውስጥ ሳጥኑ ተቀመጠ፣ እኔ ተንጠለጠልኩ። ጌታቸው በያጁ በጣቱ ነካው። ጣቱ በዚያ ማዶ ወጣ። ጋሼ ሐሰን ይሄ ወንፊት ነው፣ ዱቄት ይንፉበት አለኝ። ሊበይደው ሞከረ፤ እሳቱ በነካው ቁጥር ቀዳዳው ይሰፋል። የሚይዝ ብረት የለም።

ገንዳውን በሙሉ ቆርጦ ጣለ። አዲስ ላሜራ ገባ። ሁለት እግር ተተካ። የማራገቢያው ኩሽኔታ፣ የሚሽከረከርበት ብረት፣ ይጮህ ነበር፣ እሱም ተለወጠ። ጌታቸው እየሳቀ፣ ከድሮው የቀረው ስሙ ነው፣ አዲስ ቢገዙ ምን አለበት አለ።

ጥርሴ የተተከለ ነው፣ ዓይኔ ሞራው የተገፈፈ ነው፤ ልጆቼ አዲስ አባት ይግዙ? አልኩት። ሳቁን ትቶ ብየዳውን ቀጠለ። ደስ አለኝ።


ግንቦት 8፣ ቅዳሜ፣ ከሰ. 11 ሰ.

ሦስት ቀን በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግኩ። ዝገት እንዳይመለስ አንቲረስት ቀባሁ። ከላዩ ሰማያዊ። እጄም ሰማያዊ። ለውዱእ ስታጠብ አልለቅ ብሎ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ።

የቀረው የጎኑ ሣር። የድሮው በስብሶ ሻይ ቅጠል መስሏል። ጎረቤቴ እትዬ ሙሉ በአጥሩ አንገቷን አስገብታ ቃጫ ይሁን አለች። ገመድ ስለምትገምድ ለሷ ዓለም ሁሉ ቃጫ ነው። ቃጫ ውሃ ይችላል፣ ገለባ ይበሰብሳል ትላለች።

እኔ የማሾ ገለባ ነው ያልኩት። የራሴ ማሳ፣ አምና የተወቃ፣ ለስላሳ። ፍሬ ቢኖርበትስ አለች። እዚህ ላይ ተናደድኩ። አርባ ዓመት ማሾ የወቃሁ ሰው ነኝ፤ ከእኔ ገለባ አንዲት ፍሬ ያገኘ ሰው ካለ ይምጣ አልኩ። ድምፄ ከፍ አለ መሰለኝ፤ መንገድ ላይ ሰው ቆመ።

እሷ፣ እንግዲህ ጋሼ፣ እርስዎ ካሉ፣ ብላ አንገቷን መለሰች።

አጨቅሁት። ውሃ ሞላሁ። አበራሁት። ወይ ረሃ፣ ወይ ምቾት! ቤቱ ዝናብ የመታው ማሳ ሸተተ። ለዘ. ደወልኩና ስልኩን ሳጥኑ ላይ ለጠፍኩ፣ ትስማ ብዬ። ጩኸቱ ይሰማኛል፣ ብርዱ ግን በስልክ አይመጣም አለች። አንደበቷ የእናቷ ነው።


ግንቦት 11፣ ማክሰኞ፣ ከመግሪብ በፊት

እንዴት ብዬ ልጻፈው።

ጠዋት ተነሳሁ። ሳጥኑ አረንጓዴ ሆኗል። ቀለሙ ሰማያዊ ነበር። መነጽሬን አደረግሁ። በቅሏል። በሦስቱም ጎን፣ ገለባውን በያዘው የሽቦ መረብ ቀዳዳ ሁሉ፣ ጣት የሚያህል ማሾ አንገቱን አውጥቶ ያየኛል።

ነቅዬ ልጨርስ ስል እትዬ ሙሉ፣ ያዋስኩዎትን የዱቄት ወንፊት ይመልሱልኝ ብላ መጣች። አየች። እጇን አፏ ላይ አደረገች። ከዚያ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ሳቀች፤ እንባዋ ወረደ። ጋሼ ሐሰን፣ አንዲት ፍሬ ያገኘ ይምጣ አላሉም? መጣሁ! አለች። ቆጥራ ሠላሳ ሁለት ላይ ደከማት።

ወሬው ከእኔ በፊት መስጊድ ገባ። ከአስር ሶላት በኋላ አሊ፣ አብሮ አደጌ፣ በሰው ሁሉ ፊት ኢማሙን ጠየቀ፦ ቤት ውስጥ ለበቀለ ማሾ ዘካው ስንት ነው? ኢማሙ ሳይስቅ መለሰ። ዝናብ ያበቀለው ከአሥር አንድ፤ ሰው ደክሞ ያጠጣው ከሃያ አንድ። ሐሰን በጀሪካን ስላጠጣ ከሃያ አንድ ነው አለ። አሊ፣ በመብራት ኃይል ለበቀለስ? አለ። ኢማሙም ያን ጊዜ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ። አሊ ግን የወቃውን ማሾ እኔ ነኝ የማውቀው። ግማሹ ጠጠር ነው።

ከመስጊድ ተመልሼ ስነቅል አሳዘነኝ። ያማረ ቡቃያ ነበር። ሳጥን ውስጥ እንዲህ የሚያበቅል ገበሬ ማን አለ?


ግንቦት 13፣ ሐሙስ፣ ከሰ. 9 ሰ.

ሥሩ ቀርቶ ኖሮ በሰበሰ። ሽታ! ፓምፑ ገለባ ውጦ ታንቋል። ማራገቢያው ይዞራል፤ የሚያመጣው ነፋስ ግን ደረቅና የሚሸት ነው። በሩን ብከፍት እሳት፣ ብዘጋ ሬሳ።

ዘ. ደወለች። ማቀዝቀዣው እንዴት ነው አለች። እንደ ደብረ ሲና ነው አልኩ።

ዋሸሁ። በአረፋ ወር፣ በዙልሒጃ አሥሩ የተከበሩ ቀናት፣ በጾም አፌ። ያውም ለልጄ። ስልኩን ከዘጋሁ ጀምሮ ምራቄ መረረኝ። ለሷም ብቻ አይደለም፤ እነዚያ ሕፃናት አባባ ቤት ቀዝቅዟል ተብለው መጥተው ሊቃጠሉ ነው።


ግንቦት 14፣ ዓርብ፣ ማታ

ከጁምዓ በኋላ በእትዬ ሙሉ ደጃፍ ሦስት ጊዜ አለፍኩ። በአራተኛው፣ ጋሼ መንገድ ጠፋዎት? አለች። ቃጫ ካለሽ አልኩ። ስንት እንደሚያስፈልገኝ አስቀድማ መዝናለች። ዘንቢል ሞልታ አስቀምጣ ኖሯል፣ ከማክሰኞ ጀምሮ! ለምን ዝም አልሽ ብላት፣ ሲጠይቁ ነው እንጂ፣ ሲያኮርፉ ይሰጣል እንዴ አለች።

ግን በነፃ አልሰጠችም። ቁጭ ብለው ያብጥሩ አለች። አበጠርኩ። ሦስት ሰዓት ሙሉ፣ ከሴት እኩል፣ ጉልበቴ ላይ ቃጫ ጭኜ። ጠማማ ቢያበጥሩ ነፋሱ በቀጭኑ በኩል ብቻ ያልፋል፣ ሌላው ይደርቃል አለች። ደጋግማ አስፈታችኝ። እኔ ሐሰን ሳልቆጣ ፈታሁ።

ይህን ለአሊ የሚነግር አይኖርም።


ግንቦት 16፣ እሁድ፣ ጠ. 3 ሰ.

ትናንት ፓምፑን ፈታሁ፣ አጠብኩ። ቃጫውን አጥቤ አጨቅሁ። መብራት ጠፋ። ቀኑን ሙሉ ፊቱ ተቀምጬ መብራት ጠበቅሁ። አሥር ሰዓት መጣ። በረደኝ። እውነቱን ነው ደብተር፣ ክንዴ ላይ ያለው ፀጉር ቆመ።

ዛሬ ለዘ. ደወልኩ። ሐሙስ ዕለት ዋሽቻለሁ አልኩ። ማሾውንም ነገርኳት። ከእኔ ትስማው፤ ከአሊ የሚሰማ ነገር ቅጥያ አያጣም። የሳቀች መሰለኝ፤ አልሳቀችም። አባዬ ዋሽተኸኝ አታውቅም አለች። አላውቅም አልኩ። አሁን ግን ይበርዳል አልኩ።

በወሬ አልቀበልም አለች። የአረፋ ዋዜማ በስድስት ሰዓት እንገባለን፤ ስምንት ሰዓት ላይ፣ አስፋልቱ ሲቀልጥ፣ ልጆቹን ፊቱ አስቀምጬ አየዋለሁ አለች። ካልሆነ ማታውኑ ሁላችንም ወደ ላይ። አንተም።

ልክ ነች። እኔም ብሆን እንዲሁ እፈርዳለሁ።


ግንቦት 18፣ ማክሰኞ፣ ከሰ. 10 ሰ.

በችኮላ ነው። ቤቱ ሰው ነው።

ስድስት ሰዓት ገቡ። ዘ.፣ ባሏ፣ ሦስቱ ልጆች። ጥቅል ይዛለች። አዲስ ጋቢ፣ ለኔ፣ ለደብረ ሲና። አስቀድማ ፈርዳ መጥታለች። አየሁና እንዳላየ ሆንኩ።

ሰባት ሰዓት መብራት አለ። ሰባት ተኩል አለ። ያ አላህ ትንሽ ብቻ እላለሁ።

ስምንት ሰዓት። መንገዱ ላይ ውሻ እንኳ የለም። ዘ. ልጆቹን ደረደረች። ራሷ መሀል ተቀመጠች፣ እንደ ዳኛ። ባሏ አንገቱን ሲጠርግ አየሁ፤ ከዚያ መጥረጉን ተወ። ታላቅየው ሳጥኑን ነካና ውሃው በየት ነው የሚወጣው አለኝ። አስረዳሁት።

ራህማ፣ ትንሿ፣ አምና ሌሊቱን ስታለቅስ ያደረችው፣ ተኛች። ዘ. ግንባሯን ዳሰሰች። ደረቅ ነው። አንገቷን። ደረቅ። ቆይታ ልጅቱ በእንቅልፏ ተኮራመተችና፣ እማ በረደኝ አለች።

ዘ. አላየችኝም። ጥቅሉን ፈታች። ጋቢውን አውጥታ ልጇን አለበሰቻት።

ከዚያ ተነሳች፣ በጉ የታለ አለች። ገና አልገዛሁም አልኩ፤ እዚህ መሆናችንን መች አወቅሁ። ባሏ እስካሁን እየሳቀ ነው። አሁን ከሱ ጋር ገበያ እንሄዳለን። ለእትዬ ሙሉ ዶሮ ከነነፍሷ እንወስዳለን፤ ክርስቲያን ናትና በነሱ ሰው ታርዳ የበዓላችን ትሁን።

አንድ ነገር ቆረጥኩ። ለዘ. እስካሁን አልነገርኳት። በሐምሌ ደብረ ሲና እወጣለሁ። አሥር ቀን። ማንም ሳይወስደኝ፣ በራሴ ሂሳብ ተሳፍሬ፣ እንግዳ ሆኜ። እንግዳ ይከበራል፣ ይበላል፣ ደግሞም ወደ ቤቱ ይመለሳል። ጉሙን አይቼ እንዴት እንደ…

ባሏ በር ላይ ይጠራኛል። በጎቹ ሳያልቁ እንሂድ ይላል።