ድልድዩ መካከል ወንበር ያስቀመጡት ጄኔራል

ብርጋዴር ጄኔራል ኖ ጂንሃክ ከአባታቸው ከአቶ ኖ ሳንግዩን እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ፒ ማልሱን እ.ኤ.አ. በ1921 በአንዶንግ አቅራቢያ ሶልሜ በተባለች መንደር ተወለዱ። የቤቱ በኩር በመሆናቸው ለሞቱ አያት ቅድመ አያቶች በየዓመቱ የመታሰቢያ ማዕድ የማቅረብ ኃላፊነት ገና በልጅነታቸው ትከሻቸው ላይ ወደቀ።

በዴጉ ከተማ ትምህርታቸውን ሲከታተሉ የጃፓን ገዢዎች ኮሪያዊ ሁሉ ስሙን እንዲለውጥ አዘዙ። አባታቸው አሻፈረኝ ስላሉ ልጁ ከትምህርት ቤት ተባረሩ፤ እስከ ነጻነት ድረስም በሰው እርሻ ተቀጥረው አፕል ሲለቅሙ ኖሩ። በ1946 አዲስ በተቋቋመው ሠራዊት መኮንን ሆኑ። በተከታዩ ዓመት ከወይዘሮ ሶ ኦክቡን ጋር ትዳር መሥርተው አንዲት ሴት ልጅ አፈሩ።

በጁላይ 1950 ሠራዊቱ ከሰሜን በመጣው ጠላት ተገፍቶ ወደ ደቡብ ሲያፈገፍግ፣ በመንገዱ ያለውን ወንዝ በመጨረሻ የሚሻገረውን ጦር የሚመሩት ኮሎኔል ኖ ነበሩ። ጠላት እንዳይከተል የወንዙ ድልድይ ልክ በስምንት ሰዓት እንዲፈነዳ ከበላይ ታዘዘ። በዚያ ሰዓት ድልድዩ በሬ በሚነዳ፣ ልጅ ባዘለ፣ እናቱን በተሸከመ ሕዝብ ተጨናንቆ ነበር። ኮሎኔሉ ከአንድ ቤት ወንበር አስመጥተው መካከሉ ላይ ተቀመጡ። ፈንጂውን የያዘው መቶ አለቃ ተጨንቆ፣ "ጌታዬ፣ ይነሱልኝ እንጂ፤ እኔን እኮ ነው የሚረሽኑኝ" ቢላቸው፣ "እንግዲያው ከነወንበሬ አፈንዳኝ። ካልሆነልህ ደግሞ ውሃ አምጣልኝ፣ ሙቀቱ አልተቻለም" አሉት። ውሃውን አመጣላቸው።

አርባ ደቂቃ ተቀመጡ። በዚያ አርባ ደቂቃ ውስጥ ጠላት የሚመጣበትን የወንዙን ዳር ይዘው ጠላትን እንዲያቆሙ ያዘዟቸው ቾ ፒልጉ፣ ማ ዶንግሶክ እና ቤ ኡንቾል የተባሉ ሦስት ወታደሮች ሳይሻገሩ ቀሩ። ሦስቱም ያላገቡ ነበሩ። ሕዝቡ ግን ተሻገረ።

ኮሎኔሉ ለፍርድ ቀርበው ታሰሩ፤ የመኮንን እጥረት ሲመጣ ደግሞ ተፈቱ። በ1952 በምሥራቁ ግንባር አንድ ኮረብታ ለአሥራ ዘጠኝ ቀናት ሳያስነጥቁ በመቆየታቸው የብርጋዴር ጄኔራልነት ማዕረግ አገኙ። ከተኩስ አቁሙ በኋላ ሁለተኛው የጄኔራልነት ኮከብ ሊፈርሙት ከሚገባ አንድ ወረቀት ጋር መጣላቸው። ወረቀቱ ሦስቱ ወታደሮች በአዛዡ ስህተት እንደሞቱ ይናገራል። "በእኔ ትእዛዝ ሞተዋል፤ ይሄን አልክድም። ስህተት ነው ብዬ ከፈረምኩ ግን ልጆቹን በከንቱ ነው የሞታችሁት ማለቴ ነው" ብለው መለሱት። በ1956 በአንድ ኮከብ ጡረታ ወጥተው በራሳቸው እርሻ ወደ አፕል ተመለሱ።

በየዓመቱ በዚያች የጁላይ ቀን፣ በአባቶች ማዕድ ላይ ለሦስቱ ሦስት ሳህን ሩዝ ያቀርቡ ነበር። ያላገባ ሰው ሲሞት ማዕድ የሚያቀርብለት ልጅ የለውም። አጎታቸው ተቆጥተው፣ "ጂንሃክ፣ አብደሃል እንዴ? ደማችን ያልሆነ ከአባቶቻችን ጋር ይበላል?" ሲሏቸው፣ "ቦታ ከጠበበ አጎቴ፣ ስሞት የእኔን ድርሻ እነሱ ይውሰዱ" ብለው ሩዙን ማቅረብ ቀጠሉ። አጎትዬው ሁለት ዓመት ቤታቸውን አልረገጡም።

ጄኔራል ኖ ባደረባቸው የሳንባ ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው በኖቬምበር 9 ቀን 2003 በ82 ዓመታቸው አረፉ። በማግስቱ ለእኛ ለቤተሰቡ ከአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ተደውሎ በጀግኖች መካነ መቃብር ቦታ እንደተዘጋጀላቸው ተነገረን፤ ብቻ የሕይወት ታሪካቸው ሲነበብ የድልድዩን ነገር "ብትዘሉት ጥሩ ነው" ተባልን። የላኩትን የአበባ ጉንጉን በመጣበት መኪና መልሰናል። እንዳልዘለልነውም እዚህ የቆማችሁ ሁሉ ሰምታችኋል። ጄኔራሉ የሚያርፉት በአፕል እርሻቸው ላይ ነው።

ባለቤታቸውን፣ ልጃቸውን ኖ ሚሄን እና ሁለት የልጅ ልጆቻቸውን ትተው ሄደዋል። ማዕዱን ከእንግዲህ የምታቀርበው ሚሄ ናት። ሴት አታቀርብም የሚል ዘመድ ካለ ወንበር እንሰጠዋለን፤ ቁጭ ብሎ ይይ።

አፈሩ ይቅለላቸው፤ ነፍሳቸው ካሻገሯቸው ጋር ትረፍ። በመጪው ጁላይ አራት ሳህን ሩዝ ይቀርባል። የእሳቸው ከሦስቱ ቀጥሎ፣ መጨረሻ ላይ ይቀመጣል፤ እንዲያ ብለው አዘዋል።