ከዛፍ ጥላ ሆነው ምሰሶ ስለመረጡልን

ናዝሬት፣ ግንቦት 1975 ዓ.ም.

ለተከበሩት የቀበሌያችን ሊቀመንበር ለጓድ ገርባ

አካም ጅርቱ፣ ጓድ ሊቀመንበር። ጤናዎ፣ ወገብዎ፣ ያ ሙቀት የማይወደው ደም ግፊትዎ እንዴት ከርሟል? እኔ ደህና ነኝ። አክስቴም አለች። ይሄን ደብዳቤ በእጅዎ ብሰጥዎ መሳቢያ ውስጥ ስለሚያስቀምጡት፣ መሳቢያዎ ደግሞ ሞልቶ እንዳይቸገሩ ብዬ፣ ህዝቡ ለስኳር ሲሰለፍ የሚያነበው ሰሌዳ ላይ ለጥፌልዎታለሁ።

ለማያውቀኝ፣ መርዳሳ እባላለሁ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ የመስኮት መስታወት የምቆርጠው። ትምህርቴ እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ ግን እኔ የሰራሁትን ባለዲግሪ አልሰራውም። ጭቃ ቤት ከመለሰኑ በፊት፣ እንጨቱ ገና እየታየ፣ ከፊት ለፊቱ ሁለት ችካል እተክላለሁ፤ አንዱ መስታወቱን ይይዛል፣ አንዱ አገጭ ማስደገፊያ ነው። አገጬን አስደግፌ፣ አንድ አይኔን ጨፍኜ፣ ምሰሶውን በሙሉ መስታወቱ ላይ በዘይት ቀለም እስለዋለሁ። ቤቱ ተለስኖ አምስት አመት ቢቆይ እንኳን፣ አገጭህን እዛው ችካል ላይ አድርገህ በመስታወቱ ስታይ እያንዳንዱ ምሰሶ ግድግዳው ላይ ቦታው ቁጭ ይላል። ስንጥቁ የወጣው በየትኛው ላይ እንደሆነ ሳታፈርስ ታውቃለህ፣ ምስጥ የበላውን ብቻ ትቀይራለህ። የሰፈሩን አስራ አንድ ቤት እንዲህ አስጠግኛለሁ፣ አንድም አልወደቀም። አሁን ወደ ምስጋናዬ ልግባ።

1ኛ/ የአክስቴ የወይዘሮ ሻሼ ቤት መዝመም ሲጀምር፣ ከበሩ ሶስተኛው ምሰሶ መበላቱን በመስታወቴ አይቼ የማደሻ ፈቃድ ልጠይቅ መጣሁ። ሰባት ቀን ሙሉ “ነገ ና” እያሉ ስላስተናገዱኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ምስጡ ቢሮ የለውምና በነዚህ ሰባት ቀናት ስራ ላይ ነበር።

2ኛ/ በስምንተኛው ቀን መስታወቴን “ይሄ ካርታ ነው” ብለው ስለወረሱት። የካርታው አገር ሁለት ክፍልና አንድ ጓዳ ነው። ያለፈቃድ የማንንም ቤት እንዳልመረምር፣ ያየሁትንም እንዳልናገር የግዴታ ወረቀት አስፈርመውኛል። ፈርሜያለሁ። ፊርማዬ ያምራል፣ ይመልከቱት።

3ኛ/ ከበላያችን ከከፍተኛው ጽህፈት ቤት ጎብኚ ይመጣል ሲባል፣ ያንን ፈቃድ ያጣ ቤት ራስዎ በዘመቻ ሊያድሱት እሁድ ከሰአት ስድስት ሰው አስከትለው ስለመጡ። መስታወቴንም ይዘውት ነበር። አልዋሽም፣ ሳየው ኮራሁ። “ጓድ፣ አገጭዎን ችካሉ ላይ ያድርጉት” አልኩ። “እኔ ለችካል አላጎነብስም፤ ደሞ ፀሀዩ አናት ይበሳል” አሉና የኒሙ ዛፍ ጥላ ስር ገብተው፣ መስታወቱን በእጅዎ አንጠልጥለው አዩ። ከዛ ቦታ ሲታይ ስእሉ ሁሉ አንድ ምሰሶ ወደ ግራ ይሄዳልና፣ የተበላውን ትተው ጎኑ ያለውን “ቁረጡት” አሉ። “ጓድ፣ እሱ እኮ ጤነኛው ነው፤ ቤቱን የያዘው እሱ ነው” ብል፣ “አንተ ላለመናገር የፈረምክ አይደለህም እንዴ?” አሉኝ። ሰዎቹ ሳቁ። አናጢው ሰንበታ መጋዙን እንደያዘ እኔን አየኝ፣ እርስዎን አየዎት፣ ከዛ ቆረጠው።

4ኛ/ ቤቱ ወደቀ።

ድምፁ ያን ያህል አልነበረም። አቧራው ረገብ ሲል አክስቴ ግቢው መሀል ቆማለች። በሩ ከነመቃኑ ምንም ሳይሆን መሬት ላይ ተጋድሟል። ሄደች፣ ጎንበስ አለች፣ ከመቀነቷ ቁልፍ አውጥታ ቆለፈችው። “አክስቴ፣ ምን ያደርግልሻል?” ስላት “እቃ አለ ውስጥ” አለችኝ። ከዛን ቀን ወዲህ እኔም ብዙ ነገር አይሰማኝም። ሰው ሲያናግረኝ አፉ ሲንቀሳቀስ አያለሁ። መስታወት ስቆርጥ እጄን ይቆርጠኝና ደሙን አይቼ ነው የማውቀው። ይሄን የምነግርዎ እንዲያዝኑልኝ አይደለም፤ የራሱ ተራ ቁጥር ስለማይሰጠው እዚሁ ይቀመጥ ብዬ ነው።

5ኛ/ ቤት በሌለበት የቤት ቁጥር አያስፈልግም ብለው ታርጋዋን ስላስነቀሉ፣ ታርጋ ስለሌላትም የስኳር ካርዷን ስለሰረዙ። ግድ የለም፣ ወንጂ አገዳ ሲያቃጥሉ ጥላሸቱ ያለካርድ ልብሳችን ላይ ይወርዳል።

6ኛ/ በመጪው ሐሙስ ስብሰባ ቦታዋ “ባዶ ቦታ” ተብሎ ለህብረት ሱቁ መጋዘን ሊሰጥ እንደሆነ ሰምተናል። ባዶ በተባለው ቦታ ላይ አንድ የተቆለፈ በር፣ አንድ ላስቲክ፣ ከላስቲኩ ስር አንዲት ሴት አለች። ጎብኚው ሲመጣ ባዶነቱን እንዳታበላሽብዎ እንነግራታለን።

የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው። ከሐሙስ በፊት የመስሪያ ፈቃዷን ይፈርሙላት። እንጨቱን ሰንበታ በነፃ እሰራለሁ ብሏል፤ ከዛን ቀን ጀምሮ እሱም አይን ለአይን አያየኝም። በሶስት ሳምንት፣ ክረምቱ ሳይገባ አቆመዋለሁ። ከሞጆ እስከ መተሀራ እንደኔ ቶሎ የሚያቆም የለም። ጉራ ነው ካሉም ጉራው ልክ ነው።

ከወንበርዎ እንዳይነሱ፣ ፀሀይ እንዳይነካዎ፣ ለማንም እንዳያጎነብሱ ጠዋት ማታ የሚመኝልዎ፣ በፈረመው የሚገኝ፣

መርዳሳ፣ የሻሼ የእህት ልጅ፣ መስታወት ቆራጭ

ሳልጠቅሰው እንዳላልፍ፦ እነዛን ሰባት ቀናት ቢሮዎ ስጠብቅ ሌላ ስራ ስላልነበረኝ ከወንበርዎ ጀርባ ያለውን ግድግዳ ሳይ ነው የዋልኩት። ከኮርኒሱ የምስጥ አፈር ወርዷል፤ ከምሰሶዎቹ አንዱ ውስጡ አልቋል፤ የትኛው እንደሆነም አውቃለሁ። ያለፈቃድ ላለመናገር ግን ፈርሜያለሁ። የፈቃዱ ቅፅ እርስዎ ጋ ነው፤ የእኔንና የአክስቴን ባንድ ላይ ሊፈርሙት ይችላሉ።